«ፒክ አፕ» ስንት ትርጉም አለው?

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ውድ አንባቢያን፣ ቃሉን እናንተም በቀን አሥር ጊዜ ትሰሙታላችሁ፤ እኔ ደግሞ ታክሲ ነጂ ስለሆንኩ ከዚያ በላይ እሰማዋለሁ። «ፒክ አፕ» ነው። ዲስፓቸሩ «ፒክ አፕ አለህ» ይለኛል። ደንበኛው ደውሎ «መቼ ነው ፒክ አፕ የምታደርገኝ?» ይላል። ኤርፖርት ስደርስ «ፒክ አፕ በዚህ በኩል» የሚል ሰሌዳ ይቀበለኛል። ወደ ቤቴ ስመለስ ባለቤቴ ደውላ «እግረ መንገድህን ወተት ፒክ አፕ አድርግ» ትለኛለች። ቃሉን አማርኛችን ውስጥ ከትተነው «ልጆቹን ፒክ አፕ ላደርግ ነው» ማለት ከጀመርን ቆየን።

ይህን ቃል አገር ቤት ሳለሁ ለብዙ ዓመት አስተምሬዋለሁ። ተመሳሳይ ቃላቱንም በቃሌ አውቃቸዋለሁ። ትርጉሙን ግን የተማርኩት ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ ውስጥ፣ ያውም ከዘጠኝ ዓመት ልጄ ነው። ነገሩ እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው ላጫውታችሁ።

ወደ አሜሪካ ከመምጣቴ በፊት ደሴ ከተማ፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሥር ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬአለሁ። እንደምታውቁት በአገራችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡም ፊዚክሱም ታሪኩም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ የቋንቋው መምህር ሸክም ከባድ ነው። ከ70 የማያንሱ ልጆች በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ። እኔ ሰሌዳውን ለሁለት እከፍልና በግራ በኩል «ፍሬዛል ቨርብ»፣ በቀኝ በኩል «ተመሳሳዩ» ብዬ እጽፋለሁ። «ጊቭ አፕ»፣ ስቶፕ። «ፑት ኦፍ»፣ ፖስትፖን። «ፒክ አፕ»፣ ሊፍት፣ ኮሌክት፣ ለርን፣ ኢምፕሩቭ። ተማሪው ይገለብጣል፣ ይሸመድዳል፣ ፈተና ላይ ከኤ እስከ ዲ ካሉት አንዱን ያከብባል። ትክክሉን ያከበበ አለፈ፤ የሳተ ወደቀ።

አንድ ቀን ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ፒክአፕ መኪና አይደለም እንዴ?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ያሾፈብኝ መስሎኝ «ቁጭ በል!» ብዬ ጮህኩበት። ዛሬ ሳስበው ልጁ አላሾፈም። ደሴ ውስጥ ፒክአፕ ማለት ከኋላው ክፍት የሆነ፣ ሰውም ጭነትም የሚያነሣ መኪና ነው። የመኪናውም ስም ዞሮ ዞሮ ከዚያው ቃል የመጣ ነው። ልጁ ከሚያውቀው ተነሥቶ ወደማያውቀው ሊሻገር ድልድይ ሲፈልግ እኔ አስቀመጥኩት።

ሁለትና ሦስት ቃላት ተጣምረው አንድ ግሥ የሚሆኑበት ይህ ነገር ባዕድን እንደሚያስቸግር እንግሊዞቹ ራሳቸው ካወቁት ቆይተዋል። ዶክተር ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባወጣው ዝነኛ መዝገበ ቃላት መቅድም ላይ፣ ቋንቋውን ለሚማር የውጭ ሰው እጅግ ከሚያስቸግሩት ነገሮች አንዱ ይህ መሆኑን ጽፏል። ጆንሰን ለእኛ እንግዳ ሰው አይደለም። በ1759 ስለ አንድ የሐበሻ ልዑል የሚተርከውን «ራሴላስ» የደረሰው እሱ ነው፤ መጽሐፉንም ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል። «ፍሬዛል ቨርብ» የሚለውን ስያሜ ደግሞ ሎጋን ፒርሶል ስሚዝ የተባለ ጸሐፊ በ1925 ባሳተመው መጽሐፉ አስተዋወቀው። እንግዲህ ስም ሳይወጣለት በፊት ጆንሰን አዝኖልን ነበር ማለት ነው። እኔ ግን ይህን ሁሉ አንብቤም ለዚያ ልጅ አላዘንኩለትም።

በ2013 ዲቪ ደርሶኝ ወደ ቨርጂኒያ መጣሁ። መጀመሪያ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሠራሁ፤ በኋላ የታክሲ ፈቃድ አወጣሁ። ያኔ ነበር የሰሌዳዬ ዝርዝር ከሕይወት ጋር የተጋጨው። አገር ቤት ታክሲ ሰው «ይጭናል»፣ «ያወርዳል» እንላለን። እኔም በመጀመሪያው ሳምንት አማርኛውን ቃል በቃል ገልብጬ ለዲስፓቸሩ በእንግሊዝኛ «አንድ ሰው ጭኛለሁ» አልኩት። «ሰው ነው ወይስ ሶፋ?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ሰው ፒክ አፕ እንጂ እንደማይጫን ገባኝ።

ትምህርቱ ግን ሙሉ አልነበረም። አንድ እሑድ ጠዋት ከባለቤቴ ጋር ከቤት ስንወጣ፣ ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ ደግ አሜሪካዊት አሮጊት ዓይኔ መቅላቱን አይተው «ምነው ደከመህ?» አሉኝ። ቅዳሜ ሌሊት ከመጠጥ ቤት የሚወጡ ሴቶችን ወደየቤታቸው ሳደርስ ነው ያደርኩት። አዲሱን ቃሌን ልጠቀም ብዬ «ሌሊቱን ሙሉ መጠጥ ቤት በር ላይ ሴቶች ፒክ አፕ ሳደርግ አደርኩ» አልኳቸው። አሮጊቷ እኔን ትተው ባለቤቴን በሐዘን ተመለከቷት። ነገሩን በኋላ ያስረዳኝ አንድ የሥራ ጓደኛዬ ነው። ያውም ለመናገር እስኪያቅተው ድረስ ከሳቀ በኋላ። ለካ ቃሉ መጠጥ ቤት አካባቢ ሲነገር እኛ «መጀንጀን» የምንለው ነው! አሥር ዓመት ባስተማርኩበት ዝርዝር ውስጥ ይኸኛው አልነበረም።

እያፈርኩም እያሳፈርኩም እያልኩ ሌሎቹን ትርጉሞች አንድ በአንድ ለቀምኳቸው። አለቃዬ «ስትመጣ ቡና ፒክ አፕ አድርግ» ሲለኝ የተከፈለበት ዕቃ መስሎኝ ሱቅ ገብቼ «የተቀመጠልን ቡና አለ?» ብዬ ጠየቅሁ፤ ገዝተህ ና ማለቱ ነበር። ጓደኞች አብረን በልተን አንዱ «ሒሳቡን እኔ ፒክ አፕ አደርጋለሁ» ካለ ከፋዩ እሱ ነው። እኛ ግን ወረቀቱን ማንሣት ብቻ አይበቃንም፤ ተነጣጥቀን ካልቀደድነው የተጋበዝን አይመስለንም። መጋቢት 2020 ኮሮና መጥቶ ኤርፖርቱ ባዶ ሲቀርና ታክሲዎች እንደ ቆመ ባቡር ተሰልፈን ስንውል፣ አንድ ሽማግሌ ነጂ «አይዞህ፣ ፒክ አፕ ያደርጋል» ይለኝ ነበር። ገበያው ይነሣል፣ ያንሠራራል ማለቱ ነው። ቢዘገይም እንዳለው ሆነ። ነፋስ ሲበረታ ፒክ አፕ ነው። ጉንፋን ከሰው ሲጋባብንም ፒክ አፕ ነው። ልጅ የተዝረከረከ ክፍሏን ስታስተካክልም እንደዚሁ።

አንዱ ትርጉም ግን አያስቅም። አንድ ቀን ማለዳ ስለ አንድ ጓደኛችን «ትናንት ማታ ፒክ አፕ አደረጉት» የሚል ስልክ ደረሰኝ። መኪናው ጋራዥ ስለነበረ ሰው አግኝቶ ቤቱ የገባ መሰለኝና «ተመስገን!» አልኩ። በስልኩ ወዲያ በኩል ያለው ሰው ፀጥ አለ። ለካስ ያነሣው ፖሊስ ኖሯል። ነገሩ በደህና አለቀ፤ ያቺ «ተመስገን» ግን እስከ ዛሬ ታሳፍረኛለች።

ታዲያ ተመሳሳይ ቃላቱን እያወቅሁ ለምን ተቸገርኩ? መልሱን አንድ ጠበቃ ደንበኛዬ ሳያስበው ነገረኝ። ዘወትር ማክሰኞ የማደርሰው ሰው ነው። አንድ ቀን «በ5 ሰዓት እሰበስብዎታለሁ፤ ከዚያም ጉዞአችንን እንቀጥላለን» ለማለት እነዚያን ከባድ ቃላት፣ «ኮሌክት» እና «ሪዝዩም»ን ተጠቀምኩ። ሳቀና «አንተ እንደ ዳኛ ነው የምትናገረው» አለኝ። እውነቱን ነው። ሰሌዳዬ ላይ በቀኝ በኩል የምጽፋቸው ቃላት አብዛኞቹ ከላቲን የመጡ፣ ብዙዎቹም በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ በፈረንሳይኛ በኩል የገቡ ናቸው። የመጽሐፍ፣ የፍርድ ቤትና የቤተ መንግሥት ቃላት ናቸው። «ፒክ አፕ»ን የመሰሉት ግን የማድ ቤትና የመንገድ ቃላት ናቸው። በእኛ ቢሆን አንድ ፈረንጅ አማርኛን በግዕዝ መጽሐፍ ብቻ ተምሮ መርካቶ ገብቶ ሽንኩርት እንደ መሸመት ነው። ሻጩ ያከብረው ይሆናል፤ ሽንኩርቱን ግን ቶሎ አያገኝም።

አማርኛችንም ቢሆን ለተማሪ አይራራም። ልጄ የተወለደችው እዚሁ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች «አባዬ፣ ‹ቁጭ አለ› ሲባል ማነው ‹ቁጭ› ያለው?» ብላ ጠየቀችኝ። የእንግሊዝኛ መምህሩ መልስ አጣሁ። ለካ እኛም የራሳችን ፍሬዛል ቨርብ አለን! ቁጭ አለ፣ ብድግ አለ፣ ቀና አለ፣ ቀስ አለ እንላለን። ከሁሉ የሚገርመው «ዝም አለ» ነው። ሰውዬው አንዳች ሳይናገር «አለ» እንለዋለን። ከምድር የወደቀን ነገር ፈጠን ብሎ ማንሣትን «ብድግ አደረገ» እንላለን፤ ለ«ፒክ አፕ» ከዚህ የቀረበ አላገኘሁም።

ደግሞ «አነሣ» የሚለውን ብቻ እንይ። ስልክ እናነሣለን፣ ፎቶግራፍ እናነሣለን፣ ስብሰባ ላይ ጥያቄ እናነሣለን፣ የሰው ስም በክፉም በደግም እናነሣለን፣ ከተበላ በኋላ ማዕድ እናነሣለን፣ የወደቀ ሰው እናነሣለን። ክርስትና ስናነሣ ደግሞ የሰው ልጅ የእኛ ልጅ ይሆናል። ይህን ሁሉ ለልጄ እየቆጠርኩ ሳስረዳት «ቱ መች!» ብላ ጆሮዋን ያዘች። እኔም በዚያው ተውኩት። ሥራ ነበረብኝ። እሷ እንግሊዝኛውን ከመጫወቻ ሜዳ እንደ ወፍ ስትለቅም አማርኛዋ እየሳሳ ሲሄድ አይ ነበር፤ ግን ሁልጊዜ ሥራ ነበረብኝ።

ወደ ታኅሣሡ ቀን ልመለስ። ዓርብ ነው፤ በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ ይጥላል። ባለቤቴ አረጋውያን መጦሪያ ከቀትር በኋላ ገብታ እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ስለምትወጣ ልጃችንን ማምጣት የእኔ ድርሻ ነው። ልጆች ከትምህርት በኋላ የሚቆዩበት ቦታ በዚህ አገር ሰዓት ከምሽቱ 6 ይዘጋል። እኔ 5 ሰዓት ሊሆን ሲል ናሽናል ኤርፖርት ወረፋ ላይ ነበርኩ። ዓርብ ማታ ጥሩ ገበያ ነው። ወደ አሌክሳንድሪያ የሚሄድ ደንበኛ ይደርሰኛል፣ እሱን አድርሼ እደርስላታለሁ ብዬ አሰብኩ። የደረሰኝ ግን ፖቶማክን ተሻግሮ ሜሪላንድ፣ ቤተስዳ ድረስ የሚሄድ ነው። ወረፋው ደርሶ ደንበኛ ገብቶ አልሄድም አይባልም። መንገዱ ተዘጋግቷል። ድልድዩ ላይ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ደንበኛ ይዤ ስለነበር አላነሣሁም። ደግሞ ጮኸ፤ አላነሣሁም። ሦስተኛ ጊዜ ጮኸ።

ስደርስ 6 ሰዓት ከ50 ሆኗል። መብራቱ ግማሹ ጠፍቷል። ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል። ልጄ ካፖርቷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አዝላ በሩ አጠገብ ቆማለች። ለዘገየሁበት በየደቂቃው አንድ ዶላር፣ 50 ዶላር ከፈልኩ። ከቤተስዳው ጉዞ ያገኘሁት ከዚያ ብዙም አይበልጥም ነበር። ግን የከበደኝ ቅጣቱ አይደለም። አስተማሪዋ ለብቻዬ ወደ ጥግ ወሰደችኝና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እንደ ሁልጊዜው ‹ዛሬ ማነው ፒክ አፕ የሚያደርግሽ?› ብዬ ጠየቅኋት። ምን እንዳለችኝ ልንገርህ? ‹አባቴ ሰውን ሁሉ ፒክ አፕ ያደርጋል፤ ከእኔ በስተቀር› አለችኝ» አለችኝ። ከዚያም ልታጽናናኝ ፈልጋ ይመስለኛል፣ ልጆች ሁሉን ነገር «ፒክ አፕ ኦን» ያደርጋሉ አለች። ያቺ «ኦን» ስትጨመርበት ትርጉሙ ልብ ማለት፣ ያልተነገረውን ማስተዋል ይሆናል። እኔ ክፍል ውስጥ አስተምሬው የማላውቀው ትርጉም ነው።

መኪናው ውስጥ ከኋላ፣ ደንበኞቼ በሚቀመጡበት ቦታ ተቀመጠች። እንደ ልማዴ በመስታወቱ እያየኋት «ወዴት ላድርስሽ እመቤቴ?» አልኳት። ሌላ ጊዜ በሳቅ ነበር የምትመልስልኝ። አሁን ዝም አለች። ያኔ አማርኛችን ትክክል መሆኑ ገባኝ። ዝም ያለ ሰውም አንድ ነገር «ይላል»።

ወገኖቼ፣ እዚህ አገር በመኪና የሚተዳደር ወገን ብዙ ነው። ሌላው ደግሞ ሁለትና ሦስት ሥራ ይሠራል። ሁላችንም «ለልጆቼ ብዬ ነው» እንላለን፤ ውሸትም አይደለም። እኔም በዚያ ሌሊት ለራሴ ያንኑ ደጋግሜ ነገርኩት። ነገር ግን አንድ ነገር አሰብኩ። ከአገር ቤት የሚመጣ ዘመድ ሲኖረን ደላስ ኤርፖርት የምንሄደው «ልንቀበል» ነው። አበባ ይዘን፣ ልጆች አስከትለን፣ ሁለት ሰዓት ቀድመን እንገተራለን። ለገዛ ልጆቻችን ግን ፒክ አፕ ብቻ ሆነና ቀረ። እንደ ዕቃ አንሥቶ መሄድ። ቃሉን ስንዋስ ጥድፊያውንም አብረን ተዋስነው።

ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን ሒሳብ ሠራን። ከጥር ጀምሮ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከቀትር በኋላ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ታክሲዋ አትሠራም። በምትኩ ሌሊት 4 ሰዓት ላይ ተነሥቼ የማለዳ በረራ ያላቸውን አደርሳለሁ። ሁሉ ነገር ሰመረ ብዬ አልዋሻችሁም። የጎደለው ገቢ አልሞላም፤ የወሩ መጨረሻ ሲመጣ አሁንም እንጨነቃለን። አንዳንድ ቀን እንቅልፍ ያሸንፈኛል። ግን በ3 ሰዓት በሩ ላይ ቆሜ እቀበላታለሁ። መኪናው ውስጥ በቀን አንድ የአማርኛ ቃል እሰጣታለሁ፤ እሷ ደግሞ አንድ የእንግሊዝኛ ትሰጠኛለች። እኔ የማላውቃቸው ስንት ቃላት እንዳሏት ብትሰሙ ትገረማላችሁ። ባለፈው ሳምንት አያቷ ከደሴ ስትደውል ሮጣ ሄደችና «እኔ ላንሣው!» አለች። ማንም «አነሣ»ን ዳግመኛ አላስቆጠራትም፤ ከአፋችን ለቅማው ነው።

አንድ የሰዋስው ሕግ ነግሬአችሁ ላብቃ፤ መምህርነት መቼም አይለቅም። በእንግሊዝኛ ስሟን ጠርተን ልጅቱን ፒክ አፕ ስናደርግ፣ ስሙ ከሁለቱ ቃላት በኋላም በመካከላቸውም ሊገባ ይችላል። «እሷን» ስንል ግን ምርጫ የለም። «ፒክ ኸር አፕ» እንጂ «ፒክ አፕ ኸር» አይባልም። «እሷ» የግድ መካከል ትገባለች። ይህን ሕግ ለስንትና ስንት ክፍል አስዘምሬዋለሁ። ዛሬ ለልጆቹ ባስተምራቸው፣ አባትና እናት በግራና በቀኝ እጇን ይዘዋት የምትሄድ ልጅ ሰሌዳው ላይ እሥልላቸው ነበር። አይረሱትም።

ያ ከኋላ ወንበር የተነሣው ልጅ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል። የት እንዳለ አላውቅም። ይህ መጽሔት እጁ ከገባ ግን መልሱን እነሆ፣ ስለዘገየሁም ይቅርታ። ልክ ነበርክ ልጄ። ፒክአፕ መኪና ነው። ከቀትር በኋላ በ3 ሰዓት ትምህርት ቤቱ በር ላይ የሚቆም መኪና።

ቸር ይግጠመን።